ሰፍቶ መልበስ

ልብሴን ራሴ እንደምሰፋ የሰሙ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ወጪው ነው። «ይረክሳል?» ይሉኛል፤ ለልብስ የሚወጣ ገንዘብ ከአስቤዛና ከቤት ኪራይ ጋር በሚፎካከርበት ከተማ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አይረክስም። ጨርቁ፣ ገበሩ፣ ክሩ፣ ዚፑ፣ ቁልፉና ላስቲኩ ሲደመሩ ከሰልባጅ ተመርጦ ከሚገዛ ደህና ቀሚስ ዋጋ ይበልጣሉ፤ የቅዳሜ ከሰዓቱንና የሥራ ቀን ምሽቱን በገንዘብ ካሰብነውማ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ መስፋት የሚጀምር ሰው ቶሎ ያቆማል ብዬ አምናለሁ። እኔ ሳላቆም የቀጠልሁት ሌላ ነገር ስላገኘሁበት ነው። ልብስ በምን እንደሚቆም፣ ለምን እንደሚመች ወይም እንደማይመች፣ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ማወቅ የጀመርሁት መርፌና መቀስ ከያዝሁ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የማውቀው መልበስን ብቻ ነበር።

እርግጥ ነው፣ በልክ ማሰፋት እኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። በየሰፈሩ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን አውጥቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ አለ፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሚዜ ቀሚስ፣ ከሰልባጅ ተገዝቶ ወገቡ የሰፋ ሱሪ ሁሉ በእርሱ እጅ ያልፋል። በብዙ አገሮች ልክ አስወስዶ ማሰፋት የጥቂት ባለጠጎች ነገር ሆኖ ሲቀር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ተራው ሰው የሚያደርገው ነው፤ ይህም ቤቱ ተቀምጦ መስፋት ለሚማር ሰው ትልቅ ጸጋ ነው፤ መምህሩን ፍለጋ ሩቅ አይሄድምና። ከቪዲዮ ያየሁት ብዙ ቢሆንም፣ አብዛኛው ነገር የገባኝ ከሰፈሬ ልብስ ሰፊ አጠገብ ቆሜ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሲሠሩ ብዙ አይናገሩም። ልክ አወሳሰድ እንዲያሳዩኝ በለመንኋቸው ጊዜ ግን፣ «ልጄ፣ ሰው ሜትር ሲያይ ሆዱን ይሰበስባል፣ ትንፋሹንም ይይዛል፤ እስኪተነፍስ ታገሺውና ያን ጊዜ ለኪ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ራሴን ስለካስ?» ብላቸው፣ «ራስሽን አትለኪ፤ እኅትሽን ጥሪ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ምክራቸው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። ሜትሩን በደረት፣ በወገብና በዳሌ ዙሪያ ማዞር ቀላሉ ክፍል ነው። ልብስን ልብስ የሚያደርጉት ግን ማንም ልብ የማይላቸው ሌሎች ልኮች ናቸው፤ ከትከሻ ጫፍ እስከ ትከሻ ጫፍ፣ ከአንገት ሥር በጀርባ በኩል እስከ ወገብ፣ ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ፣ ክንድ ሲታጠፍ የክርኑ ዙሪያ፣ ቁጭ ሲባል የዳሌው ስፋት። ሰው ራሱን ሲለካ ክንዱን ያነሣል፣ አንገቱን ያጎነብሳል፣ ጀርባውም ይለወጣል፤ ስለዚህ የሚያገኘው ልክ የቆመ ሰው ልክ ሳይሆን ሜትር የያዘ ሰው ልክ ነው። እኅቴ ስትለካኝ ግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ያለ መሆኑን አገኘች። ያን ጊዜ ለዓመታት የገዛኋቸው ሸሚዞች ሁሉ ለምን ወደ አንድ ወገን እንደሚንሸራተቱ ገባኝ። የልብሶቹ ጉድለት አልነበረም፤ የእኔም ገላ ጉድለት አልነበረም፤ ልብሶቹ የተቆረጡት ሁለቱም ትከሻው እኩል ለሆነ፣ በእውን ለማይገኝ ሰው ነበር።

የፋብሪካ መጠን የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ማንበብ ደግሞ ይህን ይበልጥ አብራርቶልኛል። በአሜሪካ የሴቶችን ልብስ መጠን ወጥ ለማድረግ መሠረት የሆነው ትልቁ ጥናት በአገሪቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1941 የታተመ ሲሆን፣ 15,000 የሚጠጉ ሴቶች ተለክተውበታል። ነጭ ያልሆኑ ሴቶች ልክ ግን ከስሌቱ እንዲወጣ ተደርጓል። በኋላ እያንዳንዱ ኩባንያ መጠኑን እንደየፍላጎቱ ስለለዋወጠው፣ ዛሬ በአንድ ቁጥር የሚጠሩ ሁለት ቀሚሶች በስፋት አይገናኙም። አንዲት ሴት በልብስ መሸጫ መስተዋት ፊት ቆማ ሱሪው ዳሌዋ ላይ ሲጠብና ወገቧ ላይ ሲከፈት ገላዋን እንደምትወቅስ አውቃለሁ፤ እኔም ወቅሼ ነበር። በልክ ሰፍቶ መልበስ ከሰጠኝ ነገር ሁሉ የምወደው ይህን ወቀሳ ማስቆሙን ነው። ሜትሩ የሚናገረው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ መልካምም ክፉም አይደለም፤ ጨርቁ ነው በእርሱ ልክ የሚቆረጠው።

ከልኩ በኋላ የሚመጣው አቡጀዲ ነው። ይህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከባሕር ማዶ እየገባ ገበያችንን የሞላ ተራ ነጭ ጨርቅ፣ ብዙዎች ለትራስ ልብስና ለገበር ብቻ የሚያስቡት፣ ለእኔ የመስፊያ ቤቴ ዋና ዕቃ ነው። ደህና ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፌ በፊት ልብሱን አስቀድሜ በአቡጀዲ እሰፋዋለሁ፤ ዚፕ ሳላስገባ፣ ጠርዙን ሳልቀመቅም፣ በረጅም ስፌት ብቻ አያይዤ እለብሰዋለሁ። እጄን አነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ። የሚጎትት ቦታ ካለ እቀድደዋለሁ፤ የተረፈ ካለ በስፒል ይዤ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ ተርትሬ ሳስቀምጠው ያ አቡጀዲ የገላዬ ካርታ ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ቀሚስም፣ ከዚያ ለሚቀጥለውም እገለገልበታለሁ። ይህን ሥራ እንደ ጊዜ ማባከን የሚያዩ አሉ። እኔ ግን የሙከራ ልብስ የማይሰፋ ሰው ጨርቅ የሚቆርጠው በተስፋ ነው እላለሁ፤ ጨርቅ ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ አይመለስም።

የምሰፋበት መኪና የእግር ነው። መብራት ሲጠፋ አለመቆሙ አንድ ጥቅሙ ነው፤ ዋናው ምክንያቴ ግን ፍጥነቱ በእግሬ ሥር መሆኑ ነው፤ በአንገትጌ ዙሪያ ስደርስ አንድ ስፌት ብቻ መስፋት ስፈልግ አንድ ስፌት ብቻ ይሰፋልኛል። መኪናው እንዴት እንደሚሠራ መረዳትም ለእኔ የደስታው አካል ነው። መርፌው የላዩን ክር ይዞ በጨርቁ ውስጥ ይወርድና ትንሽ ከፍ ሲል ክሩ ከመርፌው ጎን ወጣ ብሎ ጠባብ ቀለበት ይሠራል፤ በዚያች ቅጽበት ከሥር የሚዞረው መንጠቆ ቀለበቱን ይዞ በታችኛው ክር መጠቅለያ ዙሪያ ያሳልፈዋል፤ ሁለቱ ክሮችም በጨርቁ መካከል ይቆላለፋሉ። ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው የእጅ መርፌ ቀዳዳው በጀርባው ሲሆን የመኪና መርፌ ቀዳዳው በጫፉ በኩል በመሆኑ ነው። ኤልያስ ሃው የተባለ አሜሪካዊ ይህን መርፌ ከታችኛው ክር ጋር አጣምሮ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1846 ነበር፤ ስሙ በየቤታችን የገባው አይዛክ ሲንገር ደግሞ የራሱን መኪና በ1851 አስመዘገበ። ከእነርሱ በፊት በ1830 ቲሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ መኪና ሠርቶ የወታደር ልብስ መስፋት ጀምሮ ነበር፤ እንጀራችንን ይነጥቀናል ብለው የፈሩ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ግን ተሰብስበው መኪኖቹን ሰባበሩበት። ያን ታሪክ ሳነብ የማዝነው ለሁለቱም ወገን ነው።

ክሩ ሲላላ ወይም ሲጠብቅ፣ ስፌቱ ከሥር ሲቋጠር፣ ብዙ ሰው መኪናው ተበላሽቷል ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ መርፌው ነው። በመርፌ ማሸጊያ ላይ 80 ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የመርፌው ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይነግረናል፤ ለስስ ጨርቅ 70፣ ለተራ ጥጥ 80፣ ለካኪና ለጂንስ 100 ይስማማል። ለነጠላ የሚሆን ስስ ጨርቅ በጂንስ መርፌ የሚሰፋ ሰው በየስፌቱ ቀዳዳ እየተወ ይሄዳል። መርፌም ይደንዛል፤ ስትሰፋ ጨርቁን «ጧ ጧ» እያደረገች ከመታች መለወጥ አለባት።

ስለ ጨርቅ ዕውቀት ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ከአንድ የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ የተማርሁት ነው። «ንጹሕ ጥጥ ነው» የተባለ ጨርቅ ሁሉ ጥጥ አይደለም፤ ለማወቅ ግን ከዳሩ ጥቂት ክር መዝዞ ማቃጠል ይበቃል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ አመዱም ሲነኩት ብን ይላል፤ ሱፍ ወይም ሐር ከሆነ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ከሆነ ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ቅልቅል ከሆነም ሁለቱንም ያሳያል። አዲስ አበባ ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ናትና፣ ከጥጥ የተሠራ ቀሚስና ከፖሊስተር የተሠራ ቀሚስ በቀን ውሎ ውስጥ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ላብ ይጠጣል፣ ሌላው ገላ ላይ ይለጠፋል። ጥጥ የሆነውን ሳልቆርጠው አስቀድሜ አጥበዋለሁ፤ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባልና፣ መሰብሰቡ ከተሰፋ በኋላ ሳይሆን በፊት መሆን አለበት። ከዚያ ዳሩን ተከትዬ ድሩ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። ድሩ ከላይ ወደ ታች ከወረደ ልብሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በሰያፍ ከተቆረጠ ይለጠጣል፣ ገላንም ተከትሎ ይወርዳል። ሰያፍ ቀሚስ በጣም ያምራል፤ ጨርቅ ግን ይበላል።

ይህ ሁሉ የተማርሁት ነገር በሐበሻ ሸማ ፊት ሲቀርብ ነው የሚፈተነው። ለእኔ የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸጠውን ሸማ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ተራሮች፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ ከመጡ ቤተሰቦች የተወለዱ ናቸው። ሸማኔው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁም መወርወሪያውን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያሳልፋል። የሸማው ወርድ ጠባብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ መወርወሪያውን የሚቀበለው ራሱ ሸማኔው ስለሆነ፣ ጨርቁ ከክንዱ ስፋት ሊያልፍ አይችልም። ድሩ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን ግን ሴቶች ጥጡን ፈልቅቀው፣ በደጋን ነድፈው፣ በእንዝርት ፈትለው ያመጡት ነው፤ ጣት ሲያልፍበት ወፈር ቀጠን የሚለውም ለዚህ ነው። ጥበቡ ደግሞ ከጨርቁ ጋር አብሮ እየተሸመነ የሚገባ ስለሆነ፣ ሸማኔው ጥበቡን ከማስገባቱ በፊት ልብሱ የት እንደሚያልቅ አስቦ ጨርሷል ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ሸማን መቁረጥ ቴትሮንን እንደ መቁረጥ አይደለም። የፋብሪካ ጨርቅ ማለቂያ የሌለው ጥቅል ነው፤ ከየትም ቢቆረጥ ያው ነው። ሸማ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሰው ሐሳቡን የፈጸመበት ሥራ ነው። በዘመናችን ፋሽን ተብሎ ጥበቡን ከመሐሉ ከርክሮ በብብት ሥር የሚደብቅ፣ ጥለቱን ለኪስ ክዳን የሚቆራርጥ አሰፋፍ ብዙ አያለሁ፤ በፍጹም አልስማማበትም። የምሰፋው ልብስ ቅርጹን ከሸማው መቀበል አለበት ብዬ አምናለሁ እንጂ ሸማው ቅርጹን እንዲያጣ አልፈልግም። ለዚህም ነው የድሮው ቀሚስ አቆራረጥ ብልሃቱ የሚያስደንቀኝ፤ ከቀጥታ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ፣ ጥበቡ ከግርጌ ሳይነካ ወርዶ፣ የሚባክነው ጨርቅ እጅግ ጥቂት ነው። የራሴን ስሰፋ አስቀድሜ ሸማውን መሬት ላይ ዘርግቼ ጥበቡ የት እንደሚያርፍ እወስናለሁ፤ ርዝመቱን የምለካውም ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከጥበቡ ወደ ላይ ነው።

አሰፋፉም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ላላ ያለ ስለሆነ፣ መቀስ ሲነካው ክሩ ወዲያው መፍታት ይጀምራል። ስለዚህ ከመቁረጤ በፊት በመቁረጫው መሥመር ግራና ቀኝ በቀጭን መርፌ አጥብቄ እሰፋና በሁለቱ ስፌት መካከል እቆርጣለሁ። ሁለቱን ክፍሎች ስገጥምም ኦቨርሎክ፣ ማለት ጥሬውን ጠርዝ በክር የሚጠቀልለውን መኪና፣ አልጠቀምም። መጀመሪያ ጀርባና ጀርባቸውን አጋጥሜ በጠባቡ እሰፋለሁ፤ ትርፉን አሳጥሬ እገለብጠውና ፊትና ፊታቸውን አገናኝቼ እንደገና እሰፋለሁ፤ ጥሬው ጠርዝ በሁለት ስፌት መካከል ተዘግቶ ይቀራል። ሁለት ጊዜ መስፋት ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ልብሱ ከውስጥም እንደ ውጭው ንጹሕ ይሆናል፣ በታጠበ ቁጥርም አይተረተርም። ሲተኮስም ጥጡ ሙቀት ይችላል፤ ጥበቡ ውስጥ ያለው የሚያብረቀርቅ ክር ግን ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነውና ይቀልጣል፤ ከላይ ነጭ ጨርቅ ጣል ሳያደርጉ ካውያ ማሳረፍ አይገባም። የተረፈ ቁርጥራጭ አልጥልም። የጥበብ ቁራሽ የልጅ ቀሚስ አንገትጌ ይሆናል፤ ነጩ ደግሞ ለሌላ ልብስ ገበር ይጠቅማል።

ይህን ሁሉ ሥራ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲናቁ መኖራቸውን ሳስብ ልቤ ያዝናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ እጅ በሙያው እየጠሩ መሳደብን ከልክለዋል፤ አዋጅ ማስፈለጉ ራሱ ንቀቱ ምን ያህል የተስፋፋ እንደነበር ይመሰክራል። ስድቡ ዛሬ ብዙ አይሰማ ይሆናል። ንቀቱ ግን በዋጋ ክርክር ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል ብዬ አስባለሁ። ሽሮ ሜዳ ላይ ቀናት የፈጀን ሥራ ይዞ የቆመ ሸማኔ ዋጋውን ሲናገር «ለዚህ ጨርቅ ነው?» የሚሉ ገዢዎችን ሰምቻለሁ። በፊት እኔም እከራከር ነበር። ዛሬ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ከሆነ አመስግኜ እሄዳለሁ እንጂ ሥራውን አላጣጥልም።

የፋብሪካ ልብስን በተመለከተም ዐይኔ ተለውጧል። ሸሚዝ ሰፍቶ የሚያውቅ ሰው ኮሌታ ማስገባት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል እንዲሆኑ፣ ጨርቁ ሳይሸበሸብ ከአንገትጌው ጋር እንዲገጥም ትንፋሽ ያስይዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመሰለ ቦታ ደግሞ አንዲት ወጣት ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ፣ ሌላዋ ቁልፍ ብቻ እየሰፋች ትውላለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስትወጣ ከእነዚህ ወጣቶች ሥራቸውን ያጡ ነበሩ። ያን ዜና መስፋት ከመጀመሬ በፊት ብሰማው ኖሮ የኢኮኖሚ ዜና ይሆንብኝ ነበር። አሁን ግን ልብስ ስገዛ አስቀድሜ ገልብጬ ከውስጥ አየዋለሁ፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ጥግጥጉ የተጠናቀቀ ከሆነ፣ ያን የሠራችው እጅ እንዴት እንደደከመች አውቃለሁ። ልብስ በቀላሉ መጣልም አልችልም። ክርኑ ያለቀ ሹራብ እጥፋለሁ፣ የተቀደደ ኪስ እጠቅማለሁ፣ ያጠረ ቀሚስ ግርጌው ላይ ጨርቅ ጨምሬ አስረዝማለሁ።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ የጥጥ ጉርድ ቀሚስ ነው። ዚፕ የለውም፣ እጅጌ የለውም፣ የሚለካውም ዳሌና ርዝመት ብቻ ነው፤ ሆኖም ቀጥ አድርጎ መስፋትን፣ መቀምቀምንና መተኮስን ሦስቱንም ያስተምራል። ሳቲንና የሚለጠጥ ጨርቅ ይቆዩ፤ ሁለቱም ከእጅ ያመልጣሉ። በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ካውያ ማሳረፍ ሥራውን ያዘገየዋል፤ ነገር ግን በቤት ተሰፍቶ የጎበጠ የሚመስል ልብስ ሁሉ ችግሩ ያልተተኮሰ ስፌት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ስፌት ሌላ ስፌት ሳይሻገርበት በፊት ይተኮስ። መቀሱ ለጨርቅ ብቻ ይሁን፣ ወረቀት አይነካበት። ጉርድ ቀሚሱ ሲያልቅ በሰፈር ወዳለው ልብስ ሰፊ ይዞ መሄድና ውስጡን ገልብጦ ማሳየት ይጠቅማል፤ የሚነግሩትን በጥሞና ሰምቶ፣ አርሙ ያሉትን ተርትሮ አርሞ፣ ለሁለተኛው ደግሞ አቡጀዲ መግዛት ነው።